የታመቀ አየር እንዴት ጉልበት ይሆናል? ለጎጃም ወርክሾፖች የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ በየከተማው ጎሚስታ አለ። ጎሚስታ ካለ ኮምፕሬሰር አለ። የብረት በርና መስኮት የሚሠራው፣ ቀለም የሚረጨው፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ፣ ጋራዡም ይፈልገዋል። ሆኖም ኮምፕሬሰር ሊገዛ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ «ስንት ባር ይሞላል?» ባር የግፊት መለኪያ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል?» የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮህበታል፤ ሥራው ግን ወደፊት አይልም።

ግፊት ጉልበት ይሰጣል። ፍሰት ፍጥነት ይሰጣል። እነዚህን ሁለቱን ለይታችሁ ከያዛችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይቀላል። ስሌቶቹን አትፍሯቸው፤ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፉም።

መጀመሪያ፦ አየሩ ምን እንደሚሠራ መረዳት

ኒውማቲክ ማለት በታመቀ አየር የሚሠራ ማለት ነው። የአውቶቡስ በር እሽሽ ብሎ ሲከፈት፣ የከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ፣ መንገድ ሠሪዎች በጃክሀመር አስፋልት ሲሰብሩ፣ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ሲሽከረከር፣ ሥራውን የሚሠራው የታመቀ አየር ነው።

አየር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሥራ አይሠራም። ወደ ጠባብ ቦታ ስትገፉት ግን ተመልሶ ለመስፋት ይታገላል። ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ይህንኑ ነው የሚለው፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ አየሩ የያዘውን ቦታ በግማሽ ብትቀንሱት ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ በኤሌክትሪክ ወይም በቤንዚን ሞተር ጉልበት አየሩን ያምቀዋል። ታንኩ ያቆየዋል። ሲሊንደሩ (አየር የሚገፋው ፒስተን በውስጡ ያለበት ቱቦ) ወይም መሣሪያው ደግሞ አየሩ ሲሰፋ ያን ጉልበት ይቀበላል።

የግፊትንና የፍሰትን ልዩነት በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው አንጥረኛ ቤት ሄዶ ወናፉን ይመልከት። ወናፍ ብዙ አየር በትንሽ ግፊት ይነፋል፤ ከሰሉን ያፋፍማል እንጂ ጎማ አይሞላም። የብስክሌት ፖምፓ በተቃራኒው ትንሽ አየር በብዙ ግፊት ይሰጣል፤ ጎማውን ያጠነክራል እንጂ ከሰል ለማቀጣጠል አይረባም። ኮምፕሬሰር ስትገዙ የምትገዙት ሁለቱንም ነው። ለዚህ ነው ሁለቱንም ቁጥር መጠየቅ ያለባችሁ።

አንድ እውነት አስቀድሜ ልንገራችሁ። የታመቀ አየር ውድ ነው። አየሩ ሲታመቅ ይሞቃል፤ የኮምፕሬሰሩን ራስ በእጅ መንካት የማይቻለው ለዚህ ነው። ያ ሙቀት የከፈላችሁበት መብራት ነው። ኮምፕሬሰሩ ከሚበላው ኤሌክትሪክ በተለምዶ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው መሣሪያው ጫፍ ላይ ጠቃሚ ሥራ ሆኖ የሚገኘው። ታዲያ ለምን እንጠቀምበታለን? መሣሪያው ቀላል ነው፤ ተጭኖ ቢቆም አይቃጠልም፤ ውኃ ቢነካው ሰው አይዝም። በፈረንሳይና በጣሊያን መካከል ያለው የሞን ሰኒ ዋሻ ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታመቀ አየር መሰርሰሪያ የተቆፈረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከመሰርሰሪያው የሚወጣው አየር ደግሞ ለቆፋሪዎቹ መተንፈሻ ሆኗቸዋል። ስለዚህ አየርን ለሚገባው ሥራ ብቻ አውሉት። ወለል ለመጥረግ መጥረጊያ አለ።

ጉልበቱን አስሉ

ሕጉ አንድ ነው፤ ግፊት ሲባዛ በስፋት። 1 ባር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ጌጃችሁ፣ ማለትም የግፊት ማሳያችሁ፣ በሌላው መለኪያ በፒኤስአይ ከሆነ 14.5 ፒኤስአይ 1 ባር ነው።

ብየዳ ጠረጴዛ ላይ ላሜራ የሚይዝ መቆንጠጫ መሥራት ፈለጋችሁ እንበል። ሲሊንደሩ 50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። ግማሹ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 2.5 በ2.5፣ ከዚያ በ3.14 ሲባዛ 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ6 ባር ስታባዙት 120 ኪሎ ገደማ ይወጣችኋል። አንድ ጎልማሳ ከነሸክሙ ሊቆምበት የሚችለውን ያህል ጫና ነው።

ፒስተኑ ሲመለስስ? በዚያኛው በኩል ዘንጉ ቦታ ይይዛል። ዘንጉ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3.1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል። የቀረው 16.5 ነው፤ ጉልበቱ ወደ 100 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ፒስተኑ በሚወጣበት በኩል አድርጉት። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲታከክ የሚበላውም ጉልበት አለ። ካሰላችሁት ላይ ሩቡን ያህል ቀንሳችሁ እቅድ አውጡ።

ጉልበቱ ካነሰባችሁ ግፊቱን ለመጨመር አትቸኩሉ። ዲያሜትሩን እጥፍ ብታደርጉት ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 100 ሚሊ ሜትር ያለው ሲሊንደር በዚያው 6 ባር 480 ኪሎ ገደማ ይገፋል። አየርም አራት እጥፍ ይበላል፤ ያንን ከታች እናየዋለን።

አየሩን አስሉ፤ ከፍታውን አትርሱ

እዚህ ላይ ጎጃም ከሌላው ይለያል። በመመሪያ ወረቀቶች ላይ ያሉት ቁጥሮች አብዛኞቹ በባሕር ጠለል የተሰሉ ናቸው። እዚያ የከባቢ አየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግፊቱ ወደ 0.82 ባር ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ 0.75 ባር ገደማ ብቻ ነው የሚቀረው። እንጅባራም ከዚያ ዝቅ አይልም። አየሩ ስለሳሳ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ቀጭን ነው።

ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ጌጁ 6 ሲል በታንኩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት ደብረ ማርቆስ ላይ 6.75 ባር ነው። ይህን በ0.75 ስታካፍሉት 9 ይመጣል። ማለትም 1 ሊትር የታመቀ አየር ለማግኘት ከግቢያችሁ 9 ሊትር መሳብ አለባችሁ። ባሕር ዳር ላይ 8.3 ነው። በባሕር ጠለል 7 እንኳ አይሞላም።

በተግባር ምን ማለት ነው? ባለ 100 ሊትር ባዶ ታንክ እስከ 8 ባር ለመሙላት በባሕር ጠለል 790 ሊትር ገደማ አየር ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ላይ 1,070 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ የሚሞላበት ጊዜ ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይረዝማል። ኮምፕሬሰሩ «ደከመ» ብላችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

የመቆንጠጫችን ሲሊንደር የሚበላውን እንይ። ምቱ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 19.6 በ10 ሲባዛ 196 ሴሜ ኩብ ነው፤ 0.2 ሊትር ገደማ። በደብረ ማርቆሱ 9 ስታባዙት 1.8 ሊትር። ሲመለስ ደግሞ 1.5 ሊትር ገደማ። አንድ ሙሉ ዙር 3.3 ሊትር ገደማ ይበላል። በደቂቃ 10 ጊዜ ብትጠቀሙበት 33 ሊትር ነው። በጣም ትንሽ! በላተኛው ክፍት አፈሙዝ ነው። የቀለም መርጫ እንደ ዓይነቱ በደቂቃ ከ150 እስከ 300 ሊትር ይፈልጋል። አቧራ የሚነፋው ሽጉጥም ሲጫኑት ከዚያ አያንስም።

ኮምፕሬሰር መምረጥ

አሁን የራሳችሁን ቁጥር አውጡ። በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን መሣሪያዎች ጻፉ። የእያንዳንዱን የሊትር ፍላጎት በሚሠራበት የጊዜ ድርሻ አባዙት። ለምሳሌ መርጫው ሳያቋርጥ 150 ሊትር ቢፈልግ፣ የሚነፋው ሽጉጥ 200 ሊትር ሆኖ ከአሥር ደቂቃ አንዷን ብቻ ቢሠራ፣ ድምሩ 170 ሊትር ነው። ለከፍታው ባሕር ዳር በ1.2፣ ደብረ ማርቆስ በ1.3 አባዙ። 170 በ1.3 ወደ 220 ይጠጋል። ለሚያመልጠው አየርና ለነገ ሥራ ሩቡን ጨምሩ፤ 275 ገደማ።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። በርካሽ የፒስተን ኮምፕሬሰሮች ላይ የሚለጠፈው የሊትር ቁጥር ፒስተኑ የሚስበው እንጂ ወደ ታንኩ የሚገባው አይደለም። የሚገባው ከዚያ ከ60 እስከ 70 በመቶው ነው። ስለዚህ 275ን በ0.65 አካፍሉ። 425 ሊትር የሚል ማሽን ፈልጉ ማለት ነው። ሻጩን «ይህ የሚስበው ነው ወይስ የሚሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው የሚስበው ነው ብላችሁ ያዙ።

ትልቅ ታንክ ትንሽ ፓምፕን አያድንም። ታንክ ለአጭር ጊዜ ፍላጎት ይረዳል እንጂ አየር አይፈጥርም። የፒስተን ኮምፕሬሰር ደግሞ ማረፍ አለበት፤ ከአንድ ሰዓት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ እንዳይሠራ አድርጋችሁ ምረጡት። የኤሌክትሪክ ሞተሮች በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ቀጭኑ አየር ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። በሙሉ አቅሙ አታስጨንቁት። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ከፍ ያለ ፈረስ ጉልበት ውሰዱ።

ቦታና መሥመር

ኮምፕሬሰሩ ጥላ፣ ንጹሕና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል። ቀለም ከሚረጭበት፣ ከመጋዝ ዱቄትና ከገለባ አርቁት። የሚስበው አየር በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 1 በመቶ ገደማ አቅም ይቀንሳል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጥግ ውስጥ አትወትፉት። የቺንጊያው በኩል ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ፑሌጃው ነውና።

ለመሥመሩ የብረት ቱቦ ተጠቀሙ። ለአጭር መሥመር ግማሽ ኢንች፣ ለረዘመው ሦስት አራተኛ ኢንች ይበቃል። ለውኃ የምንጠቀምበትን የፒቪሲ ቱቦ ግን በፍጹም ለአየር አትዘርጉ። ውኃ ሲይዝ ቢሰነጠቅ ያንጠባጥባል። የታመቀ አየር ይዞ ሲሰነጠቅ ግን ተበጣጥሶ እንደ ስለታም ፍንጣሪ ይበተናል። ርካሽ ነው፤ ዓይን ግን አይተካም።

ዋናውን ቱቦ ከኮምፕሬሰሩ ሲርቅ ዝቅ እንዲል አድርጉት፤ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መጨረሻው ላይ ወደ ታች የምትወርድ አጭር ቱቦ አውጡና የውኃ ማፍሰሻ ግጠሙባት። ወደ መሣሪያ የሚወርደውን ቅርንጫፍ ከዋናው ቱቦ ጀርባ፣ ማለትም ከላይ በኩል አውጥታችሁ አጥፉት። ውኃ በቱቦው ሆድ ነው የሚሄደው። ከሆዱ ከቀዳችሁ ውኃ ትቀዳላችሁ።

ታንኩና መሥመሩ መካከል አጭር ተጣጣፊ ጎማ ቱቦ አድርጉ። አለዚያ ንዝረቱ ጥርሶቹን እያላላ ቴፍሎኑን ይበጥሰዋል።

ውኃውን ማውጣት

ክረምት ላይ ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። በሐምሌ ጎጃም ውስጥ አየሩ ወደዚያ ሙላት ይጠጋል። ሜትር ኩቡን ወደ አንድ ዘጠነኛ ስትጨቁኑት ግን ሲቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ውኃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይተኛል። ማሽናችሁ በቀን 10 ሜትር ኩብ ከሳበ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ውኃ ነው።

ያ ውኃ ሦስት ነገር ያበላሻል። ታንኩን ከውስጥ ያዝገዋል። የሲሊንደሩንና የቫልቩን ቅባት ያጥባል። ቀለም ላይ ደግሞ አረፋና ነጥብ ያወጣል፤ ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው በዚህ ነው። ማታ ማታ ሥራ ስትጨርሱ ግፊቱን ወደ 1 ባር አውርዳችሁ ከታንኩ ሥር ያለውን ቫልቭ ክፈቱ። መጀመሪያ ቡናማ ውኃ ይወጣል፤ ንጹሕ አየር እስኪወጣ ጠብቁ። በክረምት ቀን ላይም ድገሙት።

ከመሣሪያው በፊት ሦስት ዕቃዎች በዚህ ቅደም ተከተል ይገጠማሉ፤ ማጣሪያ፣ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ)፣ ዘይት መጋቢ። በላያቸው ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ አየሩ የሚሄድበትን ያሳያል። ገልብጣችሁ ከገጠማችሁ አይሠሩም። ማጣሪያው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተጋደመ ውኃውን አይለይም። ሬጉሌተሩን ሥራው ወደሚፈልገው ግፊት አውርዱ። ታንኩ 8 ስላለ መሣሪያው 8 ይግባው ማለት አይደለም።

ዘይት መጋቢው ለሲሊንደርና ለሚሽከረከር መሣሪያ ነው። የኒውማቲክ ቀጭን ዘይት አድርጉበት፤ ባለ 32 የሚባለው ይሆናል። የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ ጎሚኒውን ያበላሻል፤ ቫልቩን ያጣብቃል። ወደ ቀለም መርጫ በሚሄደው ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ዘይት መጋቢ ጨርሶ አይገጠምም። አንድ ጠብታ ዘይት ያለበት አየር ቀለሙን ከላሜራው ላይ ዓይን ዓይን እያደረገ ይከፍተዋል። ለዘይት የዋለ ጎማ ቱቦ ታጥቦም ለቀለም አይመለስም። ሁለት ለዩ።

መቆንጠጫውን መግጠም

አሁን ሲሊንደሩን እናስነሳ። የሚያስፈልጋችሁ ሲሊንደሩ፣ አምስት ቀዳዳና ሁለት አቋም ያለው ባለ እጀታ ቫልቭ፣ ሁለት የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦና ማያያዣዎቹ ናቸው።

ቫልቩ ላይ ቁጥሮቹ ተቀርጸዋል። 1 አየር የሚገባበት ነው። 2 እና 4 ወደ ሲሊንደሩ ሁለት ጫፎች ይሄዳሉ። 3 እና 5 ሥራውን የጨረሰው አየር የሚወጣባቸው ናቸው። እጀታውን ወደ አንዱ ስትገፉት 1 ከ4 ጋር ይገናኛል፤ በዚያው ቅጽበት ከ2 በኩል ያለው አየር በ3 ይወጣል። ስትመልሱት ተቃራኒው ይሆናል። ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰው አየር መግባቱ ብቻ አይደለም፤ የተቃራኒው አየር መውጣቱም ጭምር ነው። 3 እና 5ን ብትደፍኗቸው ፒስተኑ ፈቀቅ አይልም። ድምፁ ካስቸገራችሁ ለዚሁ የተሠራውን የድምፅ መቀነሻ ግጠሙባቸው እንጂ ጨርቅ አትወትፉ።

የፕላስቲክ ቱቦውን በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ሰያፍ የተቆረጠ ቱቦ ያፈሳል። እስኪቆም ድረስ ገፍታችሁ አስገቡት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። ካልወጣ ይዟል።

የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹን ሲሊንደሩ ላይ ግጠሙ። የሚገድቡት ወደ ውስጥ የሚገባውን ሳይሆን የሚወጣውን አየር ይሁን። የሚገባውን ከገደባችሁ ፒስተኑ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፤ የሚወጣውን ከገደባችሁ ግን ከፊቱ ትራስ የሚሆን አየር ስለሚኖረው ለስለስ ብሎ ይሄዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ ሬጉሌተሩን ወደ 2 ባር አውርዱ። የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹን ልትዘጉ ጥቂት እስኪቀር አጥብቡ። ከመቆንጠጫው ፊት ምንም እጅ አይኑር። ዋናውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ፒስተኑ ካለበት ቦታ ተነስቶ ሊወረወር ይችላል። ሁሉ ደኅና ከሆነ ግፊቱን በየ1 ባሩ እያሳደጋችሁ ወደ 6 አድርሱት። 120 ኪሎ የጣት አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ እጀታውን ሠራተኛው ከመቆንጠጫው ርቆ በሚደርስበት ቦታ ስቀሉት።

ማንኛውንም ማያያዣ ከመፍታታችሁ በፊት ዋናውን ቫልቭ ዝጉና በመሥመሩ ውስጥ ያለውን አየር አስወጡ። ጌጁ ዜሮ ሲል ነው የሚፈታው።

የሚያመልጠውን መያዝ

የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ6 ባር በደቂቃ ከ50 ሊትር በላይ አየር ያባክናል። የኛ ሲሊንደር ከሚበላው ይበልጣል፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ለዚህ ነው ኮምፕሬሰር ገዝቶ «አነሰኝ» የሚል ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት መሥመሩን መፈተሽ ያለበት።

ፈተናው ቀላል ነው። መሣሪያዎቹን ሁሉ ዝጉ። ታንኩን 8 ባር ሙሉና ማሽኑን አጥፉ። ጌጁ ከ8 ወደ 7 ለመውረድ የሚወስደውን ደቂቃ ያዙ። የታንኩን ሊትር ለደቂቃው አካፍሉት። 100 ሊትር ታንክ በ5 ደቂቃ 1 ባር ከወረደ በደቂቃ 20 ሊትር እያመለጠ ነው። ከዚያ የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እዩ። አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ነው ሌባው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በፈጣን ማያያዣዎቹና በጎማ ቱቦው ማሰሪያ ላይ ነው።

አደጋው

ባለ 100 ሊትር ታንክ በ8 ባር ሲሞላ፣ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 10 ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚያነሳ ጉልበት በውስጡ አለ። ይህ ጉልበት በአንዴ ከወጣ ቤት ያፈርሳል፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የሴፍቲ ቫልቩን ቀለበት በየወሩ ሳብ አድርጋችሁ አየር መልቀቁን አረጋግጡ። የሚያፈስ ሴፍቲ ቫልቭ ይቀየራል እንጂ በቡሎን አይደፈንም። ከሥሩ ዝገት የበላው ወይም ላቡ የሚታይ ታንክ በብየዳ አይታከምም፤ ይጣላል። የጋዝ ሲሊንደር ወይም የላሜራ በርሜል በይዶ ኮምፕሬሰር የሚያደርግ ሰው ካለ በአክብሮት እንዲተወው ንገሩት።

ያገለገለ ታንክ ስትገዙ በውኃ ይፈተሽ። ሙሉ በሙሉ ውኃ ይሞላና በእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ይጨመቃል። በአየር አይፈተሽም። ውኃ ስለማይታመቅ ታንኩ ቢሰነጠቅ ትንሽ ይፈሳል፤ አየር ግን ይፈነዳል።

በአየር ልብሳችሁንና ሰውነታችሁን አታራግፉ። ልጆች ሲጫወቱበት ካያችሁ ወዲያው አስቁሙ። በቆዳ ቁስል ወይም በሌላ የሰውነት ቀዳዳ የገባ የታመቀ አየር ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ወይም አንጀት ቀዶ ይገድላል። ዕቃ ስታጸዱም ግፊቱን ከ2 ባር በታች አውርዱ፤ መነጽር አድርጉ።

መብራት ሲጠፋ የማሽኑን ማብሪያ አጥፉ። ድንገት ሲመጣ አንድ ሰው ቺንጊያው ላይ እጁን አድርጎ ሊሆን ይችላል። ሞተሩም ታንኩ ሞልቶ፣ መብራቱ ደክሞ ሲነሳ ይቃጠላል።

ስለ አባይ በረሃ ለሾፌሮች

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። የንፋስ ፍሬን የሚሠራው ከላይ ባየነው ሕግ ነው፤ ሞተሩ ያለው ኮምፕሬሰር ታንኮቹን ይሞላል፤ ፔዳሉን ስትረግጡ አየሩ ጎማው አጠገብ ባለው የፍሬን ክፍል ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ይገፋል። የእጅ ፍሬኑ ግን በተቃራኒው ነው። የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው፤ አየሩ ሞላውን ጨቁኖ ይለቀዋል። አየር ካለቀ ሞላው ራሱ ይይዛል።

ስለዚህ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ጌጁ ሙሉ መሆኑን እዩ። ጠዋት የታንኮቹን ውኃ አፍስሱ። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መርገጥ ኮምፕሬሰሩ ከሚሞላው በላይ አየር ያወጣል፤ ሸራውንም ያግላል። የአየር ማነስ መብራት ወይም ድምፅ ከመጣ አስተማማኝ ቦታ ላይ ወዲያው ቁሙ። ጎማችሁን ደጀን ላይ በቀዝቃዛው ከሞላችሁት፣ ታች ያለው የከባቢ አየር ስለሚከብድ ብቻ ጌጁ ከ0.1 ባር ትንሽ በላይ ይቀንሳል። በረሃው ሙቀትና የፍሬኑ ግለት ግን ከዚያ በላይ ያሳድጉታል። ጎማው ግሎ ሳለ «በዛ» ብላችሁ አየር አታስተንፍሱ፤ ሽቅብ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ያንሳል።

የየጊዜው ጥገና

በየቀኑ ውኃ ማፍሰስና የዘይቱን መስታወት ማየት። በየሳምንቱ የአየር መሳቢያውን ማጣሪያ አውጥቶ መንፋት፤ በበጋው አቧራ በየሁለት ሦስት ቀኑ። ቺንጊያውን መካከሉ ላይ በአውራ ጣት ስትጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከገባ ልኩ ነው። በጣም የጠበቀ ቺንጊያ ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላው ይንሸራተታል። አዲስ ማሽን ከሆነ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ቀይሩት፤ ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት። ከዚያ በኋላ አምራቹ ባለው ሰዓት መሠረት የኮምፕሬሰር ዘይት ብቻ ጨምሩ። ዘይቱ ወተት መስሎ ካገኛችሁት ውኃ ገብቶበታል፤ ወዲያው ይቀየር።